ክላይንት ሶፍትዌር ከሰርቨር ጋር የተመሰጠረ ግንኙነት የሚመሠርተው እንዴት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡት የኢሜይል ፕሮግራም ከሚያዋቅሩ፣ አፕ ከሚጽፉና ዳታቤዝ ከሩቅ ከሚጠቀሙ ሰዎች ነው። ክላይንት ማለት በእርስዎ በኩል ያለው ፕሮግራም ነው፤ ሰርቨር ደግሞ ከወዲያ ሆኖ የሚያገለግለው ማሽን። ብሮውዘር አብዛኛውን ጥንቃቄ ሳይጠየቅ ያደርጋል። ሌላው ሶፍትዌር ግን የታዘዘውን ያህል ብቻ ነው የሚጠነቀቀው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤስኤስኤልና ቲኤልኤስ ይለያያሉ?

ሁለቱም በክላይንትና በሰርቨር መካከል የሚያልፈውን የሚመሰጥሩ የግንኙነት ደንቦች ናቸው። ዛሬ የሚሠራው ቲኤልኤስ ነው፤ ኤስኤስኤል የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ኤስኤስኤል 2.0 በ1995፣ 3.0 በ1996 ከብሮውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ወጡ። ቲኤልኤስ 1.0 በ1999፣ 1.1 በ2006፣ 1.2 በ2008፣ 1.3 በ2018 ተከተሉ። ኤስኤስኤል 3.0 ፑድል የተባለው ጥቃት በ2014 ከታወቀ በኋላ በ2015 ተሻረ፤ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ደግሞ በ2021 በይፋ ተጣሉ። በቅንብር ገጽ ላይ «ኤስኤስኤል» የሚል ምርጫ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የአጠራር ልማድ ነው። ክላይንትዎ ዝቅተኛውን ቨርዥን የሚያስመርጥ ከሆነ 1.2 ላይ ያቁሙት።

ክላይንቱ «ተገናኝ» ሲባል በትክክል ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ተራ የቲሲፒ መስመር (ያልተመሰጠረ የኢንተርኔት ግንኙነት) ይከፍታል። እዚህ ላይ ገና ምንም ምስጢር የለም። ቀጥሎ «ክላይንት ሄሎ» የሚባለውን መልእክት ይልካል። በውስጡ የሚችላቸው ቨርዥኖች፣ የሚያውቃቸው የምስጠራ ስልቶች ዝርዝር፣ 32 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር፣ የሚፈልገው ሰርቨር ስም፣ በ1.3 ከሆነ ደግሞ ለዚያች ግንኙነት ብቻ የፈጠረው ይፋዊ ቁልፍ (ማንም ቢያየው የማይጎዳው የቁልፍ ጥንድ ግማሽ፤ ሌላው ግማሽ፣ የግል ቁልፉ፣ ከባለቤቱ አይወጣም) አለ። ኤክስ25519 በሚባለው ስልት ይህ ቁልፍ 32 ባይት ብቻ ነው።

ሰርቨሩ በ«ሰርቨር ሄሎ» አንድ ቨርዥንና አንድ ስልት መርጦ የራሱን ጊዜያዊ ይፋዊ ቁልፍ ይመልሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን የራሱን የግል ቁልፍና የሌላውን ይፋዊ ቁልፍ አንድ ላይ አስልቶ ተመሳሳይ ምስጢር ላይ ይደርሳል። ምስጢሩ ራሱ በመስመሩ ላይ ፈጽሞ አያልፍም። መሃል ተቀምጦ ሁሉን የቀዳ ሰው በእጁ የሚቀሩት ሁለት ይፋዊ ቁልፎች ናቸው፤ ከእነሱ ተነሥቶ ምስጢሩን ማስላት አይችልም።

በ1.3 ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ተመስጥሮ ይሄዳል፣ ሰርተፊኬቱም (የሰርቨሩን ስምና ይፋዊ ቁልፍ የያዘው የተፈረመ መታወቂያ) ጭምር፤ በ1.2 ሰርተፊኬቱ በግልጽ ነበር የሚላከው። ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ያስከትላል፤ እስከዚያ ድረስ የተባባሉትን ሁሉ ከሰርተፊኬቱ ጋር በሚጣመረው የግል ቁልፉ ይፈርማል፤ «ፊኒሽድ» በሚባለው መልእክት ይዘጋል። ይህችን ፊርማ ብዙ ሰው ይዘነጋታል። ሰርተፊኬት ለጠየቀ ሁሉ የሚታደል ነገር ስለሆነ ማንም ሊገለብጠው ይችላል፤ መፈረም የሚችለው ግን የግል ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። ክላይንቱ ፊርማውን፣ የሰርተፊኬቱን ፈራሚዎች ሰንሰለት፣ ስሙንና ቀኑን መርምሮ ካመነ የራሱን «ፊኒሽድ» ይልካል። የይለፍ ቃልዎ መንቀሳቀስ ያለበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ግንኙነቱ የሚዘገየው በምስጠራው ነው?

በምልልሱ ነው። መሰጠሩ ራሱ ለዛሬ ስልክ እንኳ ቀላል ሥራ ነው። ከእርስዎ እስከ ሰርቨሩ አንድ ደርሶ መልስ 150 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል እንበል። ቲሲፒ አንድ ዙር፣ ቲኤልኤስ 1.2 ሁለት ዙር ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄዎ የሚነሣው ከ450 ሚሊሴኮንድ በኋላ ነው። በ1.3 ቲኤልኤሱ በአንድ ዙር ስለሚያልቅ 300 ይሆናል። አፕዎ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መስመር የሚከፍት ከሆነ ይህን ዋጋ በየጊዜው ይከፍላል፤ አንዴ የተከፈተውን መስመር ይዞ ማቆየት ከማንኛውም ሌላ ማስተካከያ ይበልጣል።

ያለ ምንም የቲኤልኤስ ዙር የሚጀምር «ዜሮ አርቲቲ» የሚባል መንገድም አለ። ቀድሞ በተገናኙት ሰርቨር ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን የተላከውን መልእክት ሌላ ሰው ቀድቶ መልሶ ሊልከው ይችላል። ገንዘብ ለሚያስተላልፍ ጥያቄ አይጠቀሙበት።

በኢሜይል ቅንብር 465 ልምረጥ ወይስ 587?

ሁለቱም ኢሜይል ለመላኪያ የሚያገለግሉ ፖርቶች፣ ማለትም የሰርቨሩ የአገልግሎት በር ቁጥሮች፣ ናቸው። አቅራቢዎ ሁለቱንም ከሰጠ 465። ለመቀበያም 993 ለአይማፕ፣ 995 ለፖፕ። በእነዚህ ፖርቶች ቲኤልኤስ ከመጀመሪያዋ ባይት ይጀምራል።

በ587፣ በአይማፕ 143 እና በፖፕ 110 ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ግንኙነቱ በግልጽ ይጀምራል። ክላይንቱ «ምን ምን ትችላለህ?» ይላል፤ ሰርቨሩ ከሚዘረዝራቸው መካከል «ስታርት ቲኤልኤስ» አለበት፤ ክላይንቱ ያንን ያዝዛል፤ ሰርቨሩ ይሁን ይላል (በ587 ላይ መልሱ 220 ነው)፤ ምስጠራው የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀዳዳው ግልጽ በሆነችው ደቂቃ ላይ ነው። መሃል የቆመ ሰው ከዝርዝሩ «ስታርት ቲኤልኤስ» የምትለዋን መስመር ቢሰርዛት ክላይንቱ ሰርቨሩ ምስጠራ እንደማይችል ያምናል። «ካለ ተጠቀም» ተብሎ የተዋቀረ ክላይንት በዚህ ጊዜ ምንም ሳይል የይለፍ ቃሉን በግልጽ ይልካል። «የግድ» የተባለው ግን ይቆማል። ስለዚህ 587ን መጠቀም ካለብዎ ምርጫው «የግድ» መሆኑን ያረጋግጡ። ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ «ስታርት ቲኤልኤስ» ሲመርጡ ትርጉሙ የግድ ማለት ነው።

465 «አሮጌ ነው፣ አትጠቀሙ» የሚሉ መመሪያዎች አሁንም ይዞራሉ። ፖርቱ በእርግጥ ለዓመታት ከመዝገብ ተሽሮ ነበር፤ በ2018 የወጣው ደንብ ግን መልሶታል፤ ከመጀመሪያው የተመሰጠረ መስመር እንዲመረጥም ይመክራል። ፖርት 25 ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበት ነው፤ በኢሜይል ፕሮግራምዎ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

«ሮንግ ቨርዥን ነምበር» የሚል ስህተት ይመጣል። ቨርዥኑን ላሻሽል?

አብዛኛውን ጊዜ ከቨርዥን ጋር አይገናኝም። ክላይንቱ ቲኤልኤስ እየተናገረ ሰርቨሩ በግልጽ ጽሑፍ መለሰለት ማለት ነው፤ ለምሳሌ 587 ላይ ከመጀመሪያው ቲኤልኤስ እንዲጀምር ሲዋቀር። የሰላምታውን ፊደላት የቨርዥን ቁጥር ናቸው ብሎ ለማንበብ ይሞክራል፤ ትርጉም አይሰጡትም።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ዝም ይላል። 993 ወይም 465 ላይ በግልጽ እንዲጀምር የተዋቀረ ክላይንት የሰርቨሩን ሰላምታ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ደግሞ «ክላይንት ሄሎ»ን ይጠብቃል። ሁለቱም ቁጭ ብለው ይጠባበቁና ጊዜው ያልፋል። ስህተት የሌለው መንጠልጠል ሲያዩ ፖርቱንና የምስጠራ ዓይነቱን አንድ ላይ ይመልከቱ።

ክላይንቱ ሰርተፊኬቱን የሚያምነው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው?

በማሽኑ ላይ ቀድሞ በተቀመጡ ሩት ሰርተፊኬቶች። ሩት የሰንሰለቱ መነሻ የሆነው፣ የታመነ ፈራሚ ድርጅት ሰርተፊኬት ነው፤ ኢንተርሚዲየት በሩቱና በሰርቨሩ ሰርተፊኬት መካከል ያለው ነው። ሰርቨሩ የሚያቀርበው የራሱ ሰርተፊኬት በኢንተርሚዲየት የተፈረመ ነው፤ ኢንተርሚዲየቱ በሩት። ክላይንቱ ሰንሰለቱን ተከትሎ የሚያውቀው ሩት ላይ ከደረሰ ያምናል። ቀጥሎ እርስዎ የጻፉት የሰርቨር ስም በሰርተፊኬቱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ስሞች አንዱ መሆኑን፣ የዛሬው ቀን በሁለቱ ቀኖች መካከል መውደቁን ያያል። የአይፒ ቁጥር ጽፈው ከገቡ ሰርተፊኬቱ ያንን ቁጥር እስካልያዘ ድረስ ውድቅ ነው። የሚታመኑት ሩቶች በየቦታው ይለያያሉ፦ ዊንዶውስ የራሱ አለው፣ ፋየርፎክስ የራሱ፣ ጃቫም እንዲሁ፤ ብዙ የፓይተን ፕሮግራሞች ደግሞ «ሰርቲፋይ» ከተባለው ጥቅል ያነባሉ። «ሩቱን ጨምሬያለሁ፣ አሁንም አይሠራም» የሚለው ቅሬታ መልሱ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የተጨመረው ክላይንቱ በማያነበው መዝገብ ላይ ነው። አንድሮይድ ላይ ከ7.0 ጀምሮ ተጠቃሚው የጨመረውን ሩት አፖች በራሳቸው አያምኑም፤ አፑ ውስጥ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ፕሮግራም ለሚጽፉ፦ ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለውን የቲኤልኤስ ላይብረሪ በቀጥታ ከጠሩ ስሙን ማመሳከር የእርስዎ ሥራ ነው፤ ካልነገሩት አያደርገውም። የጃቫ ተራ ኤስኤስኤል ሶኬትም እንደዚያው ነው። ትክክለኛ፣ ያላለፈበት፣ ግን የሌላ ሰው የሆነ ሰርተፊኬት እንዲህ ያለ ክላይንትን ያለ ችግር ያልፈዋል። ለዚህ ነው ክላይንት የሚፈተነው ሲገናኝ ሳይሆን እምቢ ሲል የሚባለው። ባድ ኤስኤስኤል የተባለው ጣቢያ ሆን ተብሎ የተበላሹ ሰርተፊኬቶች አሉት፦ ጊዜው ያለፈበት፣ ስሙ የማይመሳሰል፣ ራሱ በራሱ የፈረመ። አፕዎ ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ከተገናኘ ሥራው አላለቀም።

ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፤ አፑ ወይም የፓይተኑ ፕሮግራም ግን «ሰርተፊኬቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ይላል። ጥፋቱ የማን ነው?

ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ ሰርቨሩ ነው፤ ኢንተርሚዲየቱን ሳይልክ ቀርቷል። አንዳንድ ብሮውዘሮች የጎደለውን በሰርተፊኬቱ ላይ ከተጻፈው አድራሻ ራሳቸው ያወርዳሉ፤ ፋየርፎክስ ኢንተርሚዲየቶችን ቀድሞ ይይዛል። ስለዚህ ባለቤቱ በብሮውዘር ከፍቶ «ይሠራል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ከርል (በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ክላይንት)፣ ፓይተን፣ ጃቫና የአንድሮይድ አፕ ግን የተሰጣቸውን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ሰንሰለቱ መሃሉ የተበጠሰ ነው።

በኦፕን ኤስኤስኤል የክላይንት ትእዛዝ ተገናኝተው ሰርቨሩ የላካቸውን ሰርተፊኬቶች ይቁጠሩ። አንድ ብቻ ከሆነ አገኙት። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ የሰርተፊኬቱን ፋይል በሙሉ ሰንሰለቱ መተካት ነው፦ የራሱ መጀመሪያ፣ ኢንተርሚዲየቱ ቀጥሎ። ሩቱን መላክ አያስፈልግም። ሰርተፊኬት የሚያወጣውንና የሚያድሰውን ሰርትቦት የሚጠቀሙ ከሆነ «ፉል ቼይን» የሚለውን ፋይል ይስጡት፤ «ሰርት» የሚለው ብቻውን ያው አንዱ ነው።

«ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም» ይለኛል፤ ለሌላው ሰው ግን ይሠራል።

የማሽንዎን ቀን ይመልከቱ። ይህ ስህተት በእኛ አገር ከሌላው በላይ የሚያጋጥምባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የዓመተ ምሕረቱ ነው። ሰው ቀኑን በእጁ ሲያስተካክል 2018 ብሎ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚጠብቀው 2026 ነው። ማሽኑ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር በዓለም ላይ ያለ ሰርተፊኬት ሁሉ ማለት ይቻላል ለእሱ ገና ያልተወለደ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ አፕ መጫን ምንም አይጎዳም፤ የሲስተሙ ሰዓት ግን በአውሮፓውያኑ መቆየት አለበት።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ መሞላት የነበረበት 9:00 ነው። ይህ ለወራት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል፣ ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን እስከሚያድስበት ቀን ድረስ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ከታደሰ በኋላ ለአምስት ሰዓት ያህል የዚያ ሰው ክላይንት እምቢ ይልና ከዚያ በራሱ «ይድናል»። ችግሩ ሲጠፋ ማንም አይመረምረውም፤ በሚቀጥለው እድሳት ይመለሳል።

ሦስተኛው የሰዓት ቀጠና ነው። ሰርተፊኬት የሚመረመረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከዱባይ የመጣ ላፕቶፕ ቀጠናው ሳይነካ ሰዓቱ ብቻ በእጅ ወደ አዲስ አበባ ቢስተካከል እውነተኛው ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዋሽንግተን የመጣው ደግሞ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ፊት ይሮጣል። ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ስለሚስማማ ትክክል ይመስላል። ቀጠናውን ይቀይሩ እንጂ ሰዓቱን አይንኩ።

በየጊዜው መብራት ሲጠፋ ወደ ድሮ ቀን የሚመለስ ዴስክቶፕ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ በአብዛኛው ሲአር2032 ናት፣ 3 ቮልት። እስክትቀየር ድረስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያስተካክል ያድርጉት። ይህ አገልግሎት በዩዲፒ 123 የሚሠራና ሰርተፊኬት የማይፈልግ ስለሆነ ቀኑ የተሳሳተ ማሽንም ይደርስበታል።

ማረጋገጫውን ባጠፋው ምን ይሆናል? ምስጠራው አለ አይደል?

አለ። ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይታወቅም። የካፌ ዋይፋይ የሚቆጣጠር ሰው የራሱን ሰርተፊኬት ያቀርባል፤ ክላይንቱ ሳይጠይቅ ከእሱ ጋር ጠንካራ ምስጠራ ይመሠርታል፤ ሰውየው ይፈታና ያነባል፤ በሌላ መስመር ወደ እውነተኛው ሰርቨር ያስተላልፋል። ሁለቱም መስመር የተመሰጠረ ነው፤ እርስዎ የሚያንሾካሽኩት ለሌባው ነው።

የሚጠፋበት መንገድ ሁሌም አጭር ነው፦ ከርል ላይ አንዲት ፊደል፣ ፓይተን ላይ «ቬሪፋይ»ን ሐሰት ማድረግ፣ አንድሮይድ ላይ ባዶ የሆነ «ትረስት ማናጀር» (ሰርተፊኬት የሚመረምረው ክፍል)። «ለሙከራ ያህል» ተብሎ ይገባና ማንም ሳያወጣው ከምርቱ ጋር ይሄዳል። ሰርቨሩ የውስጥ ከሆነና ሰርተፊኬቱን ራሳችሁ የፈረማችሁት ከሆነ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የፈራሚውን ሰርተፊኬት ፋይል ለክላይንቱ ሰጥታችሁ «ይህን እመን» በሉት። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

ከዳታቤዝ ጋር ስገናኝ ቲኤልኤስ በራሱ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን የሚያስተማምን አይደለም። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ክላይንት 8 ባይት ልኮ ምስጠራ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ በአንዲት ፊደል አዎ ወይም አይ ይላል። ሳይቀየር ያለው ቅንብር «ፕሪፈር» ነው፤ አይ ከተባለ በግልጽ ይቀጥላል። «ሪኳየር» ምስጠራን ያስገድዳል፤ የሩት ፋይል ካላስቀመጡለት ግን ማን ላይ እንደደረሰ አያጣራም። ሰንሰለቱንም ስሙንም የሚመረምረው «ቬሪፋይ ፉል» ብቻ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይም የመነሻው «ፕሪፈርድ» ነው፤ መሆን ያለበት «ቬሪፋይ አይደንቲቲ»። ዳታቤዙ በሌላ አገር ዳታ ሴንተር ካለ ከእነዚህ በታች አይውረዱ።

የስህተት ቁጥሮቹ ምን ይነግሩኛል?

ኦፕን ኤስኤስኤል 9 ካለ ገና አልጸናም፣ 10 ካለ ጊዜው አልፏል፣ 18 ሰርተፊኬቱ ራሱ በራሱ የተፈረመ ነው። 19 በሰንሰለቱ ጫፍ የማያውቀው ሩት አለ ማለት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከመጣ ትራፊኩን መሃል ከፍቶ የሚያይ ፕሮክሲ ወይም አንቲቫይረስ ይጠርጥሩ። 20 እና 21 አብረው ሲመጡ የጎደለ ኢንተርሚዲየት ነው። 62 ስሙ አይመሳሰልም። ከርል 60 ካለ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ 35 ካለ ድርድሩ ራሱ ፈርሷል።

ከሌላው ወገን የሚላኩ ማንቂያዎችም ቁጥር አላቸው። 40 በጋራ የሚያውቁት ስልት አጡ፤ 70 ቨርዥን አልተስማሙም፤ 48 የላኩትን ሰርተፊኬት ፈራሚ አላውቀውም፤ 116 የእርስዎን የክላይንት ሰርተፊኬት እፈልጋለሁ፣ አላመጡም።

ሰርተፊኬቱን አድሼዋለሁ፤ ክላይንቶቹ ግን «አልፎበታል» ይላሉ።

ፋይሉ ታድሷል፣ ሰርቨሩ ግን አሮጌውን በማስታወሻው እንደያዘ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ በራሱ እንደገና እንዲያነብ ይዋቀራል፤ የሜይል ሰርቨሩ ይረሳል። እድሳቱ ሲሳካ አገልግሎቶቹን ሁሉ የሚያስነብብ ትእዛዝ ያያይዙ። በእጅ ማደስ የሚያዋጣበት ጊዜም እያለፈ ነው፦ ለሕዝብ የሚሰጥ ሰርተፊኬት ዕድሜ ጣሪያው ከ398 ቀን ከማርች 2026 ጀምሮ ወደ 200፣ በማርች 2027 ወደ 100፣ በማርች 2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። በአፕዎ ውስጥ የሰርተፊኬቱን አሻራ (ያንን ሰርተፊኬት ብቻ የሚለይ ቁጥር) ቀርጸው ካስቀመጡ እያንዳንዱ እድሳት አፑን ሊዘጋው ስለሚችል ይህን አሁኑኑ ያስቡበት።

የኢንተርኔት አቅራቢው ምን ያያል?

የሰርቨሩን አይፒ፣ መቼና ምን ያህል ዳታ እንደተላለፈ፣ እና በአብዛኛው የሰርቨሩን ስም፤ ስሙ በ«ክላይንት ሄሎ» ውስጥ በግልጽ ነው የሚሄደው። ገጹን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የመልእክቱን ይዘት አያይም።

አሮጌ ስልክ ላይ አፑ አይገናኝም። ተስፋ አለው?

አንድሮይድ ከ5.0 በታች ከሆነ ቲኤልኤስ 1.2 ቢኖረውም ከመነሻው የበራ አይደለም፤ አፑ ራሱ ማብራት አለበት። ከ7.1.1 በታች ያለው ደግሞ የሌትስ ኢንክሪፕትን ሩት አያውቅም። ፋየርፎክስ የራሱን ሩቶች ይዞ ስለሚመጣ ለብሮውዘር ያ መውጫ ነበር፤ አፕ ግን ሩቱን ከራሱ ጋር ካልያዘ ሌላ መንገድ የለውም።

ክላይንቱን ካሻሻልኩ በኋላ ከቢሮ ኔትወርክ ብቻ መገናኘት አቃተው። በሞባይል ዳታ ይሠራል።

«ክላይንት ሄሎ» ወፍሮ ሊሆን ይችላል። አዳዲስ ክላይንቶች ወደፊት የሚመጡትን ኳንተም ኮምፒውተሮች ታሳቢ ያደረገ ድብልቅ ቁልፍ ይልካሉ፤ ኦፕን ኤስኤስኤል ከ3.5 ጀምሮ ሳይጠየቅ ያደርገዋል። 32 ባይት የነበረው ቁልፍ 1,216 ባይት ይሆናል። መልእክቱ በአንድ ፓኬት አልበቃ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ሙሉው በአንድ ፓኬት ይመጣል ብሎ የሚያስብ አሮጌ ፋየርዎል (የኔትወርኩ ዘብ) ሁለተኛውን ይጥለዋል። ለምርመራ ያህል ክላይንቱን በኤክስ25519 ብቻ እንዲሞክር ያድርጉት። ወዲያው ከተገናኘ የሚታደሰው የፋየርዎሉ ሶፍትዌር ነው፤ ክላይንቱን ወደ ነበረበት ይመልሱት።